ድልማጥያ፦ አንዲት የባሕር ዳርቻ ለሕክምና ያወረሰቻቸው ስሞች

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ምዕራፍ ላይ፣ ቲቶ ወደ ድልማጥያ እንደ ሄደ ተጠቅሷል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህችን የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ ሳያተኩርባት ያልፋታል። ይሁን እንጂ ድልማጥያ ዛሬም በካርታ ላይ የምትገኝ፣ የራሷ መልክና ታሪክ ያላት የባሕር ዳርቻ ናት። ከዚህም በላይ ስሟና ሥራዋ በጤና ባለሙያው የዕለት ተግባር ውስጥ ሳይታወቁ ይመላለሳሉ። በወባማ ቀበሌ አጎበር የሚያድል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለእከክ ሕመምተኛ የፐርሜትሪን ቅባት የሚያዝ ሐኪም፣ የዩሪክ አሲድ መጠን የሚለካ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከወረርሽኝ አካባቢ የመጣን መንገደኛ ለይቶ የሚያቆይ የጤና ቁጥጥር ሠራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የዚህች ምድር ባለዕዳዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ በድልማጥያና በደሴቶቿ ስም የሚጠሩ ነገሮች በአጭሩ ይዳሰሳሉ። ከእነዚህም መካከል ስሟን በአግባቡ የተሸከሙ፣ ያለ አግባብ የተሸከሙ፣ እንዲሁም ሊሸከሙት ሲገባ ሳይሸከሙት የቀሩ ይገኛሉ። የሦስቱ ልዩነት ለሕሙማንና ለበሽታዎች ስም በሚሰጥ ሙያ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ ትምህርት አለው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ምድሪቱና ታሪኳ

ድልማጥያ በአድርያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋች ረጅምና ጠባብ ምድር ናት። ከበስተኋላዋ ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን የሚጓዘው የዲናራ ተራራ ሰንሰለት ከመሐል አገሩ ይለያታል። ከፊቷ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ደሴቶች ተበትነዋል። ዐለቱ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ አፈሩ ስስ፣ በጋው ደረቅና ፀሐያማ ነው። ስሟን ያገኘችው ዴልማቴ ከተባለው የኢሊርያ ነገድ ሲሆን፣ አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የነገዱን ስም በግን ከሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ጋር ያያይዙታል። ሮማውያን ነገዱን ከብዙ ጦርነት በኋላ አስገብረው ምድሩን በዚሁ ስም የሚጠራ ጠቅላይ ግዛት አደረጉት፤ ዋና ከተማዋም ሳሎና ነበረች።

ከሮማውያን በኋላ ባሕሩ ዳርቻ በልዩ ልዩ ኃይሎች እጅ አልፏል። አብዛኛው ክፍል ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1797 ድረስ በቬኒስ ሥር ቆየ። ከዚያም ለጥቂት ዓመታት በናፖሊዮን፣ በኋላም እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኦስትሪያ ተገዛ። ቀጥሎ የዩጎዝላቪያ አካል ሆነ። ዛሬ አብዛኛው ክፍል በክሮኤሺያ፣ የደቡቡ ጫፍ ደግሞ በሞንቴኔግሮ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ተለይታ የራሷን ነፃነት ለረጅም ዘመን ጠብቃ የኖረች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ እርስዋም በቀድሞ ስሟ ራጉዛ፣ በዛሬው ስሟ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ናት። ስለ እርስዋ ከዚህ በታች በስፋት ይነገራል።

ከድልማጥያ ተወላጆች ሁሉ በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ነው። በስንክሳር የሰማዕታት ታሪክ ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ ይነሣል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የሚቆጥሩት ዓመተ ሰማዕታትም የሚጀምረው እርሱ ከነገሠበት ዘመን፣ ከ284 ነው። ይህ ንጉሥ የተወለደው በሳሎና አካባቢ ሲሆን፣ በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቅቆ በዚያው ባሕር ዳርቻ ባሠራው ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። ስፕሊት የምትባለው ከተማ ያደገችው በዚህ ቤተ መንግሥት ግንብ ውስጥና ዙሪያ ነው።

በምድሪቱ ስም ከተጠሩት ነገሮች ቀደምት የሆነው ልብስ ነው። በአካባቢው የሚለበሰው እጅጌ ሰፊ ረጅም ቀሚስ በሮም ከተማ ተወዳጅነት አግኝቶ ዳልማቲካ ተባለ። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ ተመን ዐዋጅ ውስጥም ከሌሎች አልባሳት ጋር ተዘርዝሯል። ከጊዜ በኋላ ልብሱ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት መለያ ሆነ። ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ የትውልድ አገር ስም በቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ልብስ ላይ መቅረቱ፣ ስም ከሰጪው ፈቃድ ውጭ የራሱን መንገድ እንደሚሄድ ያሳያል።

ሠላሳው ቀን

በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ ራጉዛ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ብዙ ሕዝብ አጣች። በሽታው አንድ ጊዜ መትቶ አልሄደም፤ በየጥቂት ዓመታት ልዩነት ተመላለሰ። የራጉዛ ኑሮ በባሕርና በየብስ ንግድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከምሥራቅ የሚመጡ መርከቦችና ከባልካን ተራሮች የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች እህሉን፣ ጨርቁን፣ ብሩንና ቆዳውን ያመጡላት ነበር። በሯን ሙሉ በሙሉ ብትዘጋ በረሃብ ትሞታለች፤ ብትከፍት ደግሞ በወረርሽኝ። ሌሎች ከተሞች በዚያ ዘመን ያደርጉት የነበረው የታመመን ማባረር፣ ወይም ከውጭ የመጣን ሁሉ መመለስ ነበር።

በ1377 የራጉዛ ታላቁ ምክር ቤት በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ዐዋጁ ወረርሽኝ ካለበት ቦታ የመጣ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ አንድ ወር ምርካን በተባለችው ትንሽ ደሴት ወይም በጻቭታት ከተማ ሳይቆይ ወደ ራጉዛና ወደ ግዛትዋ እንዳይገባ ደነገገ። ከነዋሪዎችም አንዱ ወደ መቆያው ቢሄድ እርሱም በዚያው አንድ ወር እንዲቆይ ታዘዘ። ምክር ቤቱ ያልመደበው ሰው ምግብ ቢያደርስም ቅጣቱ ተመሳሳይ ነበር። ደንቡን የጣሰ ደግሞ በተጨማሪ የገንዘብ መቀጮ ይከፍል ነበር።

የዚህ ዐዋጅ አዲስነት የታመመን ሰው ስለ መለየት አልነበረም፤ ሕሙማንን ማግለል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። አዲሱ ነገር ጤነኛ መስሎ የሚታየውን ሰው ለተወሰነ ጊዜ ማቆየቱ ነው። በዚህም ውስጥ በሽታ ሳይታይ በሰው ላይ ሊኖር ይችላል፣ ያም ድብቅ ጊዜ ወሰን አለው የሚል ግምት አለ። ዛሬ በሽታው በሰውነት ውስጥ ሳይገለጥ የሚቆይበት ጊዜ የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ፣ ስለ ባክቴሪያ ምንም የማያውቁ ነጋዴዎችና መኳንንት ከ600 ዓመታት በፊት በሕግ አንቀጽ ጻፉት ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አዲስ ነገር የቁጥጥሩ ቀጣይነት ነው። በ1390 ራጉዛ ይህን ደንብ የሚያስፈጽሙ ሹማምንትን ሾመች። በ1397 ደግሞ በምልየት ደሴት የሚገኘው የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ለመቆያነት ተመደበ። በኋላ ዘመን በከተማይቱ ምሥራቃዊ በር አጠገብ የተሠራው ሰፊ የመቆያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ሠላሳው ቀን ቀስ በቀስ ወደ አርባ ከፍ አለ። ምክንያቱ በከፊል ሃይማኖታዊ፣ በከፊልም አጣዳፊ በሽታ በአርባ ቀን ውስጥ ይለይለታል የሚለው ጥንታዊ የሕክምና እምነት እንደ ነበር ይነገራል። አርባ ቀን ለጾም፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር የታወቀ መለኪያ በሆነበት በኢትዮጵያ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንም። አርባን ከሚያመለክተው የቬኒስ ሰዎች ቃል ኳራንቲን የሚለው ስያሜ ወጣ። ቬኒስ በ1423 በደሴት ላይ ቋሚ የሕሙማን ማቆያ ስላቋቋመች፣ ስሙም ክብሩም ወደ እርስዋ አዘነበለ። ስለዚህ ድልማጥያ ለዓለም ጤና ካበረከተችው ሁሉ ትልቁ ነገር ስሟን አልተሸከመም። ማርች 2020 በኢትዮጵያ ከውጭ የገቡ መንገደኞች ለ14 ቀናት በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ የተሠራበት ሐሳብ የምርካን ደሴት ሐሳብ ነበር። በመቆያው ምግብ ማን እንደሚያደርስ፣ ጠባቂው ራሱ ቢጋለጥ ምን እንደሚደረግ የተነሡት ጥያቄዎችም የ1377ቱ ዐዋጅ መልስ የሰጠባቸው ጥያቄዎች ነበሩ።

የምልየት ሕመም

ምልየት ከዱብሮቭኒክ በስተምዕራብ የምትገኝ በደን የተሸፈነች ረጅም ደሴት ናት። በጣልያንኛ መሌዳ፣ በጥንት ዘመን ደግሞ መሊታ ትባል ነበር። በዚህ ስም መመሳሰል የተነሣ፣ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የጳውሎስ መርከብ መሰበር የደረሰው በማልታ ሳይሆን በእነርሱ ደሴት እንደ ሆነ የአካባቢው ትውፊት ይናገራል።

በ1826 ሉካ ስቱሊ የተባለ የራጉዛ ሐኪም በፍሎረንስ ለሚታተም መጽሔት በላከው ደብዳቤ፣ በዚህች ደሴት ቤተሰቦች ላይ ያየውን የቆዳ ሕመም ገለጠ። በኋላ የመሌዳ ሕመም የሚል ስም ያገኘው ይኸው ነው። የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ከሕፃንነት ጀምሮ እየወፈረ ይደድራል፤ ውፍረቱ ወደ እጅና እግር ጀርባ ይሻገራል። ላብ ይበዛል፣ ጠረን ይከተላል፣ ጥፍር ይበላሻል፣ በተሰነጠቀው ቆዳ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን ይጨመራል። ስቱሊ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን የተገነዘበው፣ ሜንዴል ስለ ውርስ የጻፈው ጥናት ከመታተሙ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ሆኖም የሐኪሙ ማስተዋል ደሴተኞቹን ከሐሜት አላዳናቸውም። ሕመሙ ለብዙ ጊዜ ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሯል። ደሴቲቱ የወረርሽኝ መቆያ ተብላ የተመደበች መሆኗም ለዚህ ስሕተት የሚመች ታሪክ ነበር፤ የታመሙት ሰዎች ቀድሞ በዚያ የተጣሉ ሕሙማን ዘር ናቸው ብሎ ለማሰብ በር ከፍቷል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሕመሙ የሚገለጠው ሕፃኑ ጉድለት ያለበትን ጂን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። ሕዝቧ ጥቂት በሆነችና በባሕር በተከበበች ደሴት ላይ ሰዎች የሚጋቡት ከቅርብ አካባቢያቸው በመሆኑ፣ ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው ዕድል ከፍ ይላል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በ2001 ተመራማሪዎች ስለርፕ 1 በተባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ የሕመሙ መንሥኤ መሆኑን አሳወቁ። የተጠኑት ቤተሰቦች ከክሮኤሺያ ብቻ ሳይሆኑ ከአልጄሪያም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮችም በርካታ ሕሙማን ተገኝተዋል። እንግዲህ በሽታው የምልየት ብቻ አይደለም፤ ምልየት የመጀመሪያው ሐኪም በጥንቃቄ ያየባት ቦታ ናት። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የቀረው ስም ግን የደሴቲቱ እንጂ የጂኑ አይደለም። ከደሴቲቱ የተወለደ ጤነኛ ወጣት፣ አገሩን በጠቀሰ ቁጥር የበሽታ ስም የሚታወሰው ሰው እንዲሆን ያደረገው አንድ ሐኪም ክፉ አስቦ ሳይሆን፣ ሌሎች ስሙን ሳይመረምሩ ስለ ተቀባበሉት ነው።

ቁንጫ ገዳዩ አበባ

በድልማጥያ የኖራ ድንጋይ ቋጥኞች ላይ፣ በስስ አፈርና በጠንካራ ፀሐይ፣ መሐሉ ቢጫ ዙሪያው ነጭ የሆነ ትንሽ አበባ ይበቅላል። የአካባቢው ሰዎች ቡሃች ይሉታል፤ ስሙ ቁንጫ ከሚለው የክሮኤሽያ ቃል የወጣ ነው። ፒሬትረም የሚባለው የዚህ ዝርያ የትውልድ ቦታ ይህ የባሕር ዳርቻ ነው። ከካውካሰስና ከፋርስ አቅጣጫ የሚመጣው የዘመዱ አበባ ዱቄት ቀደም ብሎ በአውሮፓ ይታወቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የድልማጥያ አበባ የበለጠ ኃይል እንዳለው ታወቀ፤ ደርቆ የተፈጨው አበባ የድልማጥያ ዱቄት በሚል ስም በየአገሩ ይሸጥ ጀመር። ቁንጫን፣ ቅማልን፣ ትኋንን፣ ዝንብን ይገድላል፤ ለሰው ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ አጋጣሚ ትኩረት ይሻል። ራጉዛን ደጋግሞ የመታው ወረርሽኝ ባክቴሪያ በ1894 በሆንግ ኮንግ በአሌክሳንደር የርሲን ተለየ። በ1898 ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታው ከአይጥ ወደ አይጥ በቁንጫ እንደሚተላለፍ አሳየ። ከከተማይቱ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ቁንጫን የሚገድል አበባ ይበቅል ነበር፤ ከከተማይቱ በታች ባለው ወደብ ደግሞ ሰዎች ቁንጫ የሚያመጣውን ሞት በመጠበቅ ብቻ ይከላከሉ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ዕውቀት ለመምጣት ከ500 ዓመት በላይ ወሰደ። መድኃኒት በደጅ እያለ መጠቀሚያው ሳይታወቅ መኖሩ በድልማጥያ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በኢትዮጵያ እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር እስኪያስተውሉ ድረስ፣ ሳሙናና በሽታ መከላከያ በአንድ ፍሬ ውስጥ መኖራቸውን ሳይንስ አላወቀም ነበር።

የአበባው ኃይል ምስጢር በኬሚስቶች እጅ ተፈታ። ሄርማን ሽታውዲንገርና በክሮኤሺያ ቩኮቫር ከተማ የተወለደው ሌዮፖልድ ሩዚችካ ስለ ፒሬትሪን ጥንቅር ያደረጉትን ጥናት በ1924 አሳተሙ፤ ሁለቱም ከጊዜ በኋላ በሌሎች ሥራዎቻቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ፒሬትሪን በነፍሳት ነርቭ ላይ ያለው የሶዲየም መተላለፊያ ተከፍቶ እንዲቀር ያደርጋል፤ ነፍሳቱም ወዲያው ይሰክራሉ፣ ይወድቃሉ። ጉድለቱ በፀሐይ ብርሃን ቶሎ መበላሸቱ ነው። በእንግሊዝ ሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ ማይክል ኤልየትና ባልደረቦቹ በ1973 ፐርሜትሪንን፣ በ1974 ደግሞ ዴልታሜትሪንን በማዘጋጀት ይህን ጉድለት አስወገዱ። የአበባው እርሻ ራሱ በዚህ መካከል ከድልማጥያ ወደ ጃፓን፣ ቀጥሎም ወደ ኬንያ ደጋማ ቦታዎች ተዛውሮ ነበር።

በ2000ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠር አጎበር ሲታደል፣ በክሩ ላይ የነበረው ኬሚካል የዚህ አበባ የልጅ ልጅ ነው። 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባትም እከክን ለማከም ያገለግላል። ሆኖም የወባ ትንኞች ከጊዜ ወደ ጊዜ ኬሚካሉን መልመዳቸው በኢትዮጵያም ተረጋግጧል። ከመላመጃ መንገዶቹ አንዱ ፒሬትሪን በሚያርፍበት በዚያው የሶዲየም መተላለፊያ ላይ የሚታይ የጂን ለውጥ ነው። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሌላ ዓይነት ኬሚካል የተጨመረባቸው አጎበሮች እንዲሠራባቸው መክሯል። አጎበር የሚያድል ባለሙያ በየዓመቱ የትንኞች መላመድ ጥናት ውጤትን መከታተል የሚገባው ስለዚህ ነው።

ነጠብጣቡ ውሻ

ድልማጥያ የሚለው ስም በዛሬው ዓለም ይበልጥ የሚታወሰው በነጭ ሰውነቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ባለበት ውሻ ነው። የዘሩ ጥንተ መነሻ ቢያከራክርም፣ ዓለም አቀፉ የውሻ ዘሮች ማኅበር የትውልድ አገሩ ክሮኤሺያ እንደ ሆነ ተቀብሏል። ለሐኪሞች ግን የውሻው ቁም ነገር ነጠብጣቡ ሳይሆን ሽንቱ ነው።

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪክ አሲድን ዩሪኬዝ በተባለ ኢንዛይም ወደ አላንቶይን ለውጠው ያስወግዳሉ። አላንቶይን በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ጠጠር አይሠራም። ሰውና የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ጦጣዎች ይህን ኢንዛይም ስላጡ በደማቸው ያለው የዩሪክ አሲድ መጠን ከፍ ያለ ነው፤ ሪህና የዩሪክ አሲድ ጠጠር ከዚህ ይነሣሉ። በ1916 ስታንሊ ቤኔዲክት፣ በሽንት ውስጥ ስኳር ለመለየት በሚያገለግለው መፈተሻ ስሙ በየላቦራቶሪው የሚታወቀው ኬሚስት፣ የድልማጥያ ውሻ ከሌሎች ውሾች በተለየ ሁኔታ ብዙ ዩሪክ አሲድ በሽንቱ እንደሚያስወጣ አስታወቀ።

ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆነ፤ ምክንያቱም የውሻው ጉበት ኢንዛይሙ አልጎደለውም። ጉበት የማዛወር ሙከራዎች ፍንጭ ሰጡ። የሌላ ውሻ ጉበት ለድልማጥያ ውሻ ሲሰጥ በሽንቱ ያለው ዩሪክ አሲድ ቀነሰ። እንግዲህ የጎደለው ኢንዛይሙ ሳይሆን ዩሪክ አሲድን ወደ ጉበት ሕዋስ የሚያስገባው በር ነበር። በ2008 ይህ በር ኤስኤልሲ2ኤ9 በተባለው ጂን የሚሠራ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በሰው ደም ውስጥ ያለውን የዩሪክ አሲድ መጠንና የሪህ ተጋላጭነትን የሚወስን አንድ ጂን አገኙ፤ እርሱም ይኸው ኤስኤልሲ2ኤ9 ሆኖ ተገኘ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ከሆኑት ሰዎች መካከል የድልማጥያ ደሴቶች ነዋሪዎች ነበሩበት። በውሻውና በደሴተኞቹ ላይ ለየብቻ የተደረገው ፍለጋ በአንድ ጂን ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

ይህ መገናኘት አጋጣሚ ቢሆንም፣ ደሴቶቹ ለምርምር የተመረጡበት ምክንያት አጋጣሚ አይደለም። ለረጅም ዘመን ተነጥለው የኖሩ ጥቂት ሰዎች የጂን ውርስ ለመከታተል ስለሚያመች ነው። በምልየት ለሐሜት ምክንያት የሆነው ያው ተነጥሎ መኖር፣ በሌላ ደሴት ለሪህ ሕሙማን ሁሉ የሚጠቅም ዕውቀት ምንጭ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የደሴተኞቹ ጠባይ ሳይሆን የጠያቂዎቹ አቀራረብ ነው።

ስምና ኃላፊነት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አዳዲስ የሰው በሽታዎች በአገር፣ በከተማ ወይም በሕዝብ ስም እንዳይጠሩ አሳስቧል። ምክንያቱ የቀድሞው ልማድ ያስከተለው ጉዳት ነው። በ1918 የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ የስፔን ተብሎ የተጠራው ከስፔን ስለ ተነሣ ሳይሆን፣ በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው ስፔን ጋዜጦቿ ስለ በሽታው በግልጽ ስለ ጻፉ ነው። ኢትዮጵያውያን ያንኑ ወረርሽኝ የኅዳር በሽታ ሲሉ በወሩ መጥራታቸው ማንንም አልጎዳም። ማርበርግ የተባለው ቫይረስ ስሙን ያገኘው በ1967 የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከተያዙባት የጀርመን ከተማ ሲሆን፣ በሽታው ኖቬምበር 2025 በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ ሲገኝ ከዚያች ከተማ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ቁንጭር የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስያን በ1973 ሊሽማንያ ኢትዮፒካ ተብሎ በመሰየሙም የአገሪቱ ስም በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ላይ ከበሽታ ጋር ተያይዞ ይኖራል።

የምልየት ነገር ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በአንዳንድ ቤተሰቦች ላይ ስለሚደጋገም፣ ዘሩ ተበክሏል እየተባለ ልጆች ከጋብቻ ይገለላሉ። ተጋላጭነቱ በከፊል በዘር ቢወረስም፣ ሕመሙን በጫማና በእግር ንጽሕና መከላከል ይቻላል። ቁምጥና የሚለው ስም በሥጋ ደዌ መተካቱም የቃላት ማሳመር ብቻ አልነበረም፤ ሰው ቀድሞ ወደ ሕክምና እንዲመጣ በር የሚከፍት ነው። በሕመምተኛ ካርድ ላይ የትውልድ ቦታ ሲጻፍ ለምርመራ የሚጠቅም መረጃ ነው፤ ያው ቦታ የበሽታው ስም ሲሆን ግን ከዚያ የሚመጡት ሁሉ ሳይመረመሩ ይፈረድባቸዋል።

ድልማጥያ በዚህ ረገድ ሙሉ ምሳሌ ናት። ልብሷ የሌሎች ክህነት መለያ ሆነ። አበባዋ ስሟን ይዞ ወጥቶ በሌሎች አገሮች ማሳና ቤተ ሙከራ ውስጥ ስሟን አጣ። ውሻዋ ስሟን በዓለም ሁሉ ይዞ ይዞራል። አንዲት ደሴቷ የሌሎችም አገሮች የሆነውን በሽታ ብቻዋን ተሸከመች። ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታዋ፣ ጤነኛ የሚመስለውን ሰው ሳያባርሩ፣ ሳይወነጅሉ፣ ምግቡንና ጠባቂውን አዘጋጅተው ለጥቂት ቀናት የማቆየት ሕግ፣ በሌላ ቋንቋ በቁጥር ተጠራ። ዛሬ ምርካን የባሕር ወፎች የሚያርፉባት ጭው ያለች ደሴት ናት። ከወረርሽኝ አካባቢ የመጣ መንገደኛ በለይቶ ማቆያ ክፍል ተቀምጦ ቀኑን ሲቆጥር፣ በበሩ ላይ የቆመው የጤና ሠራተኛ የሚፈጽመው ከዚያች ደሴት የተጀመረውን ሥራ ነው።